ያለሽበት ካውንቲ ማን ይባላል?

ቶርኔዶ የጸደይ ጣጣ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። ከማርች እስከ ሜይ ተጠንቀቂ፣ ከዚያ ወዲያ ብርዱን ብቻ ቻይው ይሉሻል። አሜሪካ፣ ቴኔሲ ውስጥ ወዳለችው ናሽቪል ስመጣ ቀድመውኝ የገቡት አበሾች የነገሩኝ ይህንኑ ነበር። ዲሴምበር 10 ቀን 2021 ይህን ወሬ አፈር ድሜ አበላው።

ዕለቱ ዓርብ ነው። የፈረንጆቹ ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ በየበረንዳው መብራት ተሰቅሏል፣ ውጭ ግን በቲሸርት ያስኬዳል። ሜምፊስ ላይ ሙቀቱ 79 ፋራናይት ገባ። በዲሴምበር! ሥራ ቦታ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፣ ጃኬቱን መኪና ውስጥ ጥሎ ይሳሳቃል። እኔ ግን ደስ አላለኝም። እዚህ አገር ትንሽ የቆየ ሰው ያውቀዋል፤ በክረምት እንዲህ ያለ ወበቅ ሲመጣ ከኋላው የሚከተል ነገር አለ። ሞቃቱና እርጥቡ አየር ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ተነስቶ ከታች ይገባል፣ ቀዝቃዛው ከምዕራብ ይገፋል። ታች ያለው ነፋስ ከደቡብ ይነፍሳል፣ ላይ ያለው ደግሞ ከምዕራብ በኩል በኃይል ይሮጣል። በዚህ መሀል የሚነሳ ደመና ቀጥ ብሎ ማደግ አይችልም፣ መሽከርከር ይጀምራል። ሳይንሱ ከዚህ ይረዝማል፣ ለአንድ ሌሊት ግን ይሄ ይበቃል።

ኦክላሆማ፣ ኖርማን ከተማ ውስጥ ስቶርም ፕሪዲክሽን ሴንተር የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ። ሥራው ከባድ ነጎድጓድና ቶርኔዶ የት ሊነሳ እንደሚችል ቀድሞ መናገር ነው። ካርታ ያወጣና አደጋውን ከ1 እስከ 5 ይከፍለዋል፣ ከአረንጓዴ ጀምሮ ቢጫ፣ ብርቱካን፣ ቀይ እያለ ይወጣል። ያን ቀን ብርቱካን የነበረውን ቀይ አደረጉት። ማለትም 4። ቀይ በዓመት ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚታይ ነገር አይደለም፣ በዲሴምበር ደግሞ ብርቅ ነው። ቀለሙ ከአርካንሳስ ሰሜን ምሥራቅ ተነስቶ የሚዙሪን ደቡብ ምሥራቅ፣ ምዕራብ ቴኔሲንና ምዕራብ ኬንታኪን ይዞ ያልፋል። እኛ ናሽቪል ከቀዩ ወጣ ብለን ነው ያለነው። ወጣ ማለታችን ግን ብዙም የሚያጽናና አልነበረም።

እኔ የአየር ጠባይ የመከታተል አባዜ አለብኝ። ከየት እንደመጣብኝ አውቃለሁ፣ ከማርች 3፣ 2020 ነው የመጣው። ያን ሌሊት ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ (ሰዓቱን በአበሻ ነው የምጽፈው፣ የፈረንጅ ለምትፈልጉ ስድስት ደምሩበት ወይ ቀንሱበት) ቶርኔዶ ናሽቪልን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሰንጥቋት አለፈ። ጀርመንታውን፣ ኢስት ናሽቪል፣ ዶነልሰን፣ ማውንት ጁሊየት፣ ሌባነን፤ ወደ 60 ማይል የሚሆን መንገድ። ያው ደመና ወደ ምሥራቅ ሄዶ ኩክቪል አጠገብ ሌላ፣ የባሰ ቶርኔዶ ጣለና 19 ሰው ገደለ። አብዛኛው ሰው በተኛበት ነው ያገኘው። ቴኔሲ ላይ ይሄ የተለመደ ነው፤ እዚህ ከሚከሰቱት ቶርኔዶዎች ግማሽ የሚጠጋው በሌሊት የሚመጣ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ካርታው ቀለም ሲቀይር እንቅልፍ ባይኔ አይዞርም።

እና ያን ዓርብ ከሥራ ስገባ እንጀራውን ከነወጡ ትሪ ላይ አስቀምጬ ስልኬን ከፈትኩ። እናቴ ያኔ እኛ ጋ ነበረች። "ደግሞ ዝናብ ልታዪ ነው?" አለችኝ። አዎ፣ ዝናብ ልመለከት ነው።

ማታ ላይ "ዋች" መውጣት ጀመረ። ዋች ሲወጣ ነገሩ ሊመጣ ይችላል፣ ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ፣ የት እንደምትገቢ አስቢ ነው። "ዋርኒንግ" ሲወጣ ግን የሚታሰብ ነገር የለም፣ ግቢ ነው። ይሄን ልዩነት ለሰው ስናገር ከንፈሬ ተልጦ አልቋል፣ ግን አሁንም ደግሜ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ሁለቱም በስልክ ላይ ሲመጡ ለብዙ ሰው አንድ ዓይነት ጩኸት ናቸው።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት አካባቢ ራዳር የምንከታተል ሁሉ አንዲት ደመና ላይ ተተከልን። ከአርካንሳስ መሀል ተነስታ ብቻዋን እየሮጠች ነው። ከጎኗ ሌሎች አሉ፣ እሷ ግን ማንም ሳይነካት ፊት ፊት ትሄዳለች፣ እንዲህ ብቻዋን የምትሄድ ደመና ደግሞ ሞቃቱን አየር የሚሻማት ስለሌለ ክፉ ናት። በስተደቡብ ጫፏ ላይ እንደ ጃንጥላ እጀታ የታጠፈ ነገር ወጥቷል። ራዳር ማየት የሚችል ሰው ይህቺን እጀታ ሲያይ ወሬ ያቆማል።

ራዳሩን እንዴት እንደማየው ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ይጠይቀኛልና። ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው አረንጓዴና ቀይ ዝናቡን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሁለተኛ ገጽ አለ፣ ነፋሱን የሚያሳይ። ነፋሱ ወደ ራዳሩ የሚመጣ ከሆነ አረንጓዴ፣ ከራዳሩ የሚሸሽ ከሆነ ቀይ ይሆናል። በሰላም ጊዜ ሁለቱ ቀለሞች በየፊናቸው ተበትነው ነው የሚታዩት። ደማቅ አረንጓዴና ደማቅ ቀይ ጎን ለጎን ተጣብቀው፣ በመሀላቸው ጥፍር የማታስገባ መስመር ብቻ ሲቀር፣ እዚያች መስመር ላይ አየሩ እየዞረ ነው። ሦስተኛው ገጽ ከሁሉም ያስፈራኛል። ራዳሩ የሚያየው ነገር እርስ በርሱ ይመሳሰል እንደሆነ ይለካል። የዝናብ ጠብታ ከዝናብ ጠብታ ጋር ይመሳሰላል፣ ስለዚህ ገጹ በሙሉ አንድ ዓይነት ቀይ ነው። ጣውላ፣ ቆርቆሮ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የጣሪያ ሽፋን አየር ላይ ሲወጣ ግን አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፣ እና በዚያ ቀይ መሀል ሰማያዊ ነጠብጣብ ይወጣል። ያቺ ነጠብጣብ የሆነ ሰው ቤት ናት። በጨለማ ውስጥ ደግሞ ከእሷ የተሻለ ምስክር የለም፣ ምክንያቱም ቆሞ በዓይኑ የሚያይ ሰው የለም።

ያን ማታ መጀመሪያ ሰማያዊዋን ያየኋት ሞኔት ላይ ነው። አርካንሳስ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ ከዚያ በፊት ስሟን ሰምቼ አላውቅም። አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተመትቶ ሰው መሞቱን የሰማነው ቆይተን ነው። ቶርኔዶው ሊችቪልን አልፎ ወደ ሚዙሪ ገባ፣ የሚሲሲፒን ወንዝ ተሻገረ፣ ቴኔሲ ውስጥ ሪልፉት ሐይቅ ዳር ሳምበርግ የምትባለውን መንደር አገኛት። ነጠብጣቧ ትጠፋለች ስንል አትጠፋም። አዲሱ ምስል በመጣ ቁጥር፣ ያው እዚያው፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ፈቀቅ ብላ።

በዚህ መሀል ሌላ ዜና መጣ። ኢሊኖይ፣ ኤድዋርድስቪል፣ ሴንት ልዊስ አጠገብ፣ የአማዞን መጋዘን ተመታ። ይሄ ከእኛ ደመና ጋር የማይገናኝ፣ ሌላ ደመና የጣለው ነው፣ ሰዓቱ ሁለት ተኩል ገደማ። የዕድራችን ግሩፕ የቀወጠው ይሄኔ ነው። እስከዚያ ድረስ እኔ ካርታ ስልክ፣ ሰው ደግሞ የገበያ ቅናሽና የዓርብ ምስባክ ይልክ ነበር። መጋዘን ሲባል ግን ሁሉም ነቃ፣ ምክንያቱም ከእኛ ውስጥ ግማሹ እዚያ ዓይነት ቦታ ነው የሚሠራው። ያ ግድግዳ፣ ያ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ያ የጭነት በር፣ ያ የማታ ሺፍት፣ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። "ወንድሜ ዛሬ ገብቷል፣ ስልክ አያነሳም" የሚል መልእክት መጣ። የእሷ ወንድም የሚሠራው እዚሁ ከተማ ነው፣ ከኤድዋርድስቪል ጋር አይገናኝም፣ ስልኩንም ሎከር ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ግን ልብ ይሄን አያውቅም።

ኤድዋርድስቪል ላይ ስድስት ሰው ሞተ። በኋላ እንደተሰማው ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ በሰሜን በኩል ለመጠለያ ወደተመደበው ሽንት ቤት ሲገቡ፣ ጥቂቶቹ በደቡብ በኩል ባለው ሽንት ቤት ነበር የተጠለሉት፣ የወደቀውም በደቡብ ያለው ነው። አንድ ሕንጻ፣ ሁለት ሽንት ቤት። ይሄን ካነበብኩ ወዲህ የሚሠሩበት ቦታ መጠለያው የትኛው እንደሆነ የማያውቁ ሰዎች ሳገኝ ያናድደኛል፣ በእነሱ ሳይሆን ባልነገራቸው ሰው ነው የምናደደው። ልምምዱን በወረቀት ላይ አስፈርመው ያልፉታል። አማርኛ የሚሰማ ሰው አስቀርበው፣ ይዘውት ሄደው በሩን በእጁ አያስነኩትም።

ወደ ደመናችን ልመለስ። ቴኔሲ ውስጥ ኦቢየን ካውንቲ (ካውንቲ ስቴት በውስጡ የሚከፋፈልበት ነው፣ እንደ እኛ ወረዳ) ላይ ስትደርስ ትንሽ የደከመች መሰለ። ተነፈስን። እንግዲህ ይቺ ሞኔትን ያየች ደመና ናት፣ ስንት ሰዓት ትሄዳለች? ከዚያ እንደገና መሽከርከር ጀመረች። ወደ ኬንታኪ ገባች። ከፊቷ ያለችው ሜይፊልድ ናት፣ አሥር ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ። የፓዱካ የአየር ጠባይ ቢሮ ከተራው ዋርኒንግ አልፎ "ቶርኔዶ ኢመርጀንሲ" የሚለውን አወጣ። ይህንን ቃል በየጊዜው አያወጡትም፤ ቶርኔዶው መሬት ላይ መሆኑ ተረጋግጦ ሰው ወደሚኖርበት ቦታ ሲያመራ ነው የሚያወጡት። ዓይኔ ነጠብጣቧ ላይ ነበር። ፍርስራሹ ከመሬት ከ30,000 ጫማ በላይ ወጥቶ ራዳሩ ያየው ነበር። አውሮፕላን የሚበርበት ከፍታ ማለት ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሜይፊልድን ረገጣት።

እዚህ ላይ የታዘብኩትን ልናገር። በቀጥታ ስርጭቶቹ ላይ የሚጽፈው ሰው ግማሹ ሌላ ነገር ነው የሚያወራው። "ሪከርዱን ልትሰብር ነው!" ይላል። ሪከርድ የሚሉት በ1925፣ ማርች 18 ቀን ሚዙሪን፣ ኢሊኖይንና ኢንዲያናን 219 ማይል ያረሰው ቶርኔዶ ነው፣ 695 ሰው የገደለ። እግር ኳስ የሚያዩ ነው የሚመስሉት። አንዱ "ከአርካንሳስ ጀምሮ ሳታቋርጥ ከሆነ ታሪክ ነው" ይላል፣ ሌላው ማይል እየደመረ ይልካል። ሰው ፍርስራሽ ሥር ነው፣ ወንድሜ! እኔ ራዳር መከታተል ጥሩ ነው ባይ ነኝ፣ ግን ለሰው ለመደወል ካልሆነ ምንድን ነው ጥቅሙ? የምታይው ነገር የት እንደሚደርስ ካወቅሽ፣ እዚያ መንገድ ላይ የምታውቂው ሰው ማን እንዳለ አስቢና ስልክሽን አንሺ።

ሜይፊልድ ውስጥ የሻማ ፋብሪካ ነበር። ያን ማታ 110 ያህል ሰው ለገና የሚሸጥ ሻማ እየሠራ ነበር። ሕንጻው ላያቸው ላይ ተደረመሰ፣ ዘጠኝ ሰው ሞተ። ከተረፉት ሠራተኞች አንዳንዶቹ ቀደም ብሎ ሳይረን ሲጮህ ወደ ቤት እንሂድ ብለን ብንጠይቅ ትባረራላችሁ ተባልን ሲሉ ለጋዜጠኞች ተናገሩ፣ ድርጅቱ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አልተባለም ብሎ ካደ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ። ማን እውነቱን እንደተናገረ እኔ ልፈርድ አልችልም። ግን ይሄን ዜና ሰምቶ የተገረመ አበሻ የማታ ሠራተኛ አንድም አላገኘሁም! ሁሉም "ያው ነው" ነው ያለኝ። በሰዓት ተከፍሎሽ ስትሠሪ፣ ያረፈድሽበትና የቀረሽበት ነጥብ ተቆጥሮ ስትባረሪ፣ ሰማዩ ጠቆረ ብለሽ አትወጪም። ማስጠንቀቂያው ያን ማታ በሰዓቱ መጥቷል። ሰዎቹ በኦክላሆማም በፓዱካም ሥራቸውን ሠርተዋል። የጎደለው ማስጠንቀቂያ አይደለም፣ የሰማ ሰው የሚገባበት ቦታና ለመግባት የሚሰጠው ፈቃድ ነው።

ከሜይፊልድ በኋላም አላቆመም። ፕሪንስተን፣ ከዚያ አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ ዶሰን ስፕሪንግስ፣ ከዚያ ብሬመን። ዶሰን ስፕሪንግስ የኬንታኪው ገዥ የአንዲ ቤሺር አባት የተወለዱባት ትንሽ ከተማ ናት። ዝርዝሩን እዚህ አልደግመውም፣ ሁሉም ያው አንድ ዓይነት ሐዘን ነው።

እኩለ ሌሊት ሲሆን ትልቋ ደመና ከእኛ በስተሰሜን ርቃ ሄዳለች። ሰው "ተገላገልን" ብሎ መተኛት ጀመረ። ከኋላ ግን ረጅም መስመር ሠርተው የሚመጡ ሌሎች ነበሩ፣ አንደኛው ወደ ቦውሊንግ ግሪን ነው የሚያመራው። ቦውሊንግ ግሪን ኬንታኪ ውስጥ ናት፣ ከናሽቪል በመኪና አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። የስደተኛ ከተማ ናት፤ ቦስኒያውያኑ በብዛት አሉ፣ ከአፍሪካም ከእስያም የመጣ ሞልቷል። አንዲት ጓደኛዬ እዚያ ትኖራለች።

ደወልኩ። አላነሳችም። ደገምኩ። በሦስተኛው "ምነው? ማን ሞተ?" ብላ አነሳች። ከእንቅልፏ ስትነሳ ሁልጊዜ እንዲህ ናት።

"ማንም አልሞተም። ቶርኔዶ ወደ አንቺ እየመጣ ነው። ስልክሽ አልጮኸም?"

"ሲጮህ ነበር። አጠፋሁት። ስለ ዋረን ነው የሚያወራው፣ ዋረን ማነው?"

"ያለሽበት ካውንቲ ማን ይባላል?"

ዝም አለች። ከዚያ "ቦውሊንግ ግሪን ነኛ" አለችኝ።

እኔ ከዚህ ንግግር የተማርኩትን ከየትኛውም ራዳር አልተማርኩም። ይህቺ ልጅ ጎበዝ ናት፣ ኮሌጅ ትማራለች፣ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል። ግን ካውንቲ የሚባለው ነገር ሕይወቷ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። አድራሻ ስትጽፍ ከተማ፣ ስቴት፣ ዚፕ ኮድ ነው የምትጽፈው። የአየር ጠባይ ሰዎች ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠሩት ካውንቲ ነው፤ ዋረን፣ ሎጋን፣ ሲምፕሰን። እዚያ ያደገ ሰው በየትኛው ካውንቲ እንደተወለደ፣ የአጎቱ እርሻ በየትኛው እንደሆነ ያውቃል። እኛ ከየት አምጥተን? ስሙ ሲጠራ የራሷ ስም መሆኑን አላወቀችም።

"ዋረን አንቺ ነሽ። አሁኑኑ ተነሺ።"

የምትኖረው ሁለተኛ ፎቅ ነው። ታች የምትወርድባቸው ጎረቤቶች አሏት፣ ቦስኒያውያን ባልና ሚስት፣ ሸምገል ያሉ። አንኳኳች። እነሱም ነቅተው ኖሯል፣ በፒጃማቸው ሆነው በር ከፈቱላት። ሦስቱም መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ገቡ። ስልኩን አልዘጋችውም ነበርና ሴትየዋ በቋንቋቸው ስትጸልይ ይሰማኛል፣ ጓደኛዬም በአማርኛ "እመብርሃን፣ እመብርሃን" ትላለች። ከሰባት ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ መስመሩ ተቋረጠ።

ራዳሩ ላይ ሰማያዊዋ ነጠብጣብ ቦውሊንግ ግሪን መሀል ወጥታ ነበር።

ከመቼውም የረዘመብኝ ጊዜ እሱ ነው። በኋላ መልእክት ገባ፤ "አለሁ። መብራት የለም። ሌላ ሰፈር ነው የመታው" የሚል። የመታው ክሪክዉድ የሚባለውን ሰፈርና አካባቢውን ነው። 17 ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹ ሕጻናት ነበሩ። ከስደተኛ ቤተሰቦችም የሞቱ አሉ፣ ጦርነት አምልጠው መጥተው።

ጓደኛዬን አግኝቼ ሳልጨርስ መስመሩ ወደ እኛ ደረሰ። ዴቪድሰን ካውንቲ። ስልኩ ጮኸ፣ የእናቴም ጮኸ፣ ውጭ ሳይረኑ ተነሳ። የእኛ ዝግጅት ቀላል ነው፣ ከማርች 2020 ወዲህ አንድ ነው፤ ጫማ፣ መታወቂያ፣ ውሃ፣ ቻርጀር፣ የልጄ የብስክሌት ሄልሜት። ጫማውን አደራ እላለሁ። ከቶርኔዶ ተርፈው በባዶ እግራቸው ሚስማርና መስታወት ላይ ሲወጡ እግራቸው የተበላሸ ሰዎች አሉ። እናቴን መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ አስገባኋት። ነጠላዋን ለብሳ፣ ውዳሴ ማርያሟን ይዛ፣ የልጄን ሄልሜት ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ (ልጁ አባቱ ጋ ነበር ያን ቀን)፣ ገንዳው ውስጥ ተቀምጣ ቀና ብላ አየችኝና "ልጄ፣ እኔ ለዚህ ነው ቪዛ የተሰለፍኩት?" አለችኝ። ሳቅኩ፣ እሷም ሳቀች፣ ከዚያ መብራቱ ጠፋና ሁለታችንም ዝም አልን።

ነፋሱ ቤቱን አንቀጠቀጠው፣ አለፈ። ያን ሌሊት መካከለኛው ቴኔሲ ውስጥ የወረዱት ቶርኔዶዎች ኬንታኪን ካገኘው ጋር አይወዳደሩም። የእኛ ጉዳት የወደቀ ዛፍና የተበጠሰ የመብራት ገመድ ነው። ተመስገን ነው።

ሲነጋ ነው የነገሩ ልክ የታየው። ሜይፊልድ ላይ የፍርድ ቤቱ ሕንጻ ሰዓት ያለበት ማማ ወድቋል። የጥናት ቡድኖች በእግርም በአየርም መንገዱን ሲከታተሉት ቆይተው፣ ያቺ ደመና የጣለችው አንድ ቶርኔዶ ሳይሆን ሁለት መሆኑን አረጋገጡ። የመጀመሪያው ከአርካንሳስ እስከ ቴኔሲ 81 ማይል ገደማ፣ ሁለተኛው ከቴኔሲ ድንበር ተነስቶ ኬንታኪን 165 ማይል አርሷት፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ጊዜ ያህል ሄዶ ነው የቆመው። ኦቢየን ካውንቲ ላይ ደመናዋ የደከመች የመሰለን ጊዜ እውነትም የመጀመሪያው ቶርኔዶ መሬቱን ለቆ ነበር። ሪከርድ ይሰበራል ሲሉ ያደሩት ልጆች አልቀናቸውም። የነፋሱን ጉልበት በሰዓት 190 ማይል ብለው ገመቱት፣ ከ0 እስከ 5 ባለው የቶርኔዶ መለኪያ ኢኤፍ 4 ከሚባለው ደረጃ ጣሪያው አጠገብ። ያ አንዱ ቶርኔዶ ብቻ 57 ሰው ገድሏል። በአጠቃላይ ከሌሊቱ ቶርኔዶዎች የሞተው ከ80 በላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ አሁንም ሳስበው ይገርመኛል። ኢንዲያና፣ ኒው ኦልባኒ የምትኖር ሴት ጠዋት ወደ መኪናዋ ስትሄድ መስታወቱ ላይ ወረቀት የመሰለ ነገር ተለጥፎ ታገኛለች። ፎቶ ነው፣ ጥቁርና ነጭ፣ አንዲት ሴት ሕጻን ታቅፋ የተነሳችው፣ ጀርባው ላይ 1942 ተብሎ ተጽፎበታል። ዶሰን ስፕሪንግስ ካለ ቤተሰብ የመጣ ነበር፣ 130 ማይል ገደማ በርሮ። ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ለጥፋ ባለቤቶቹ ተገኙ። እንዲህ የበረሩ ቼኮች፣ የልደት ወረቀቶች፣ የሠርግ ፎቶዎች ለባለቤታቸው የሚመለሱበት የፌስቡክ ገጽ ሁሉ ተከፍቶ ነበር።

እኛ ግሩፕ ላይ ያደረግነው ነገር ትንሽ ነው። የእያንዳንዱን ሰው አድራሻ እየጠየቅን ካውንቲውን በአማርኛ ጻፍን። አንቲዮክ ያላችሁ፣ መርፍሪስቦሮ ፓይክ ያላችሁ፣ ዴቪድሰን። ስሚርናና መርፍሪስቦሮ ከተማ፣ ረዘርፎርድ። ማውንት ጁሊየት፣ ዊልሰን። ሄንደርሰንቪል፣ ሰምነር። ክላርክስቪል፣ ሞንትጎመሪ። ከጎኑ ደግሞ በምዕራብ በኩል ያሉትን ጎረቤት ካውንቲዎች ጨመርንበት፣ ዲክሰንና ቺተም ሲጠሩ ቀጥሎ እኛ መሆናችንን ሰው እንዲያውቅ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ከዚያ በኩል ነው የሚመጣው። ዝርዝሩ ከግሩፑ አናት ላይ ተሰክቷል። ማታ ለሚሠሩት ደግሞ ስልክ ሎከር ውስጥ ስለሚገባ፣ ከቤት ያለ ሰው የፈረቃ አለቃውን ቁጥር እንዲይዝ ተስማማን። መጀመሪያ ያፈሩ ነበር፣ "አለቃዬን ሚስቴ ደውላ..." እያሉ። አሁን ለምደውታል።

ስሚርና ያሉ አንድ እናት አሉ፣ እንግሊዝኛ አይናገሩም፣ ዝርዝሩን ልጃቸው በትልቁ አትሞላቸው ፍሪጅ ላይ ለጥፈውታል። ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ከፍተው የሚጠራውን ስም ከወረቀቱ ጋር እያስተያዩ ይጠብቃሉ። ባለፈው ጸደይ ከልጃቸው ቀድመው የደወሉልኝ እሳቸው ናቸው። "ዊልያምሰን እያለ ነው ሰውዬው፣ ረዘርፎርድ ገና አላለም፣ ግን ጫማዬን አድርጌያለሁ" አሉኝ።